የደረጃው መብራትና አማትየዋ

ሬዲዮ ሠሪውን ደንበኞቹ «ነገ» ይሉታል። ዕቃቸው ደርሶ እንደሆነ ሲጠይቁት ሌላ መልስ ሰምተው አያውቁም። እጁ ግን ወርቅ ነው፤ የነካው ሁሉ ይናገራል፣ ቀኑ ይዘግይ እንጂ።

የሚኖርበት ፎቅ ተከራዮች ዘወትር የሚጣሉት በደረጃው መብራት ነበር። የሚያበራው ብዙ፣ የሚያጠፋው የለም። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ነገ አፍ አመለጠውና «ራሱ የሚጠፋ እሠራላችኋለሁ» አለ። ያመነው አልነበረም። እሱ ግን እልህ ያዘውና በቃሉ ተገኘ።

ማታ አብረውት ለሚኖሩት አማቱ፣ ለሚስቱ እናት፣ ሲያስረዳ ደረቱን ነፍቶ ነበር። «ሞኖስቴብል መልቲቫይብሬተር ይባላል። ማረፊያው አንድ ነው፤ መጥፋት። ቁልፉን ሲጫኑት ይነሳና ያበራል። ውስጡ ያለችው ኤሌክትሪክ የምታጠራቅመው ካፓሲተር በቀጭን ቧንቧ እንደሚሞላ ባልዲ ቀስ እያለች ትሞላለች። ስትሞላ ማንም ሳይነካው ወደ ማረፊያው ይመለሳል። የሌባ ደወል ጮኾ ጮኾ በራሱ ዝም የሚለውም በዚሁ ዘዴ ነው።»

«ገባኝ» አሉ አማቱ። «እንደ አንተ ነዋ። ካልቀሰቀሱህ አትነሳም፤ ብትነሳም ትንሽ ቆይተህ ተመልሰህ ትተኛለህ።»

ሚስቱ ፊቷን አዞረች፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በሳምንቱ ነገ ከሥራ ሲመለስ አማቱን ደረጃው መሃል ጨለማ ውስጥ ተቀምጠው አገኛቸው። ጉልበታቸው ያማቸዋል፤ ሲወጡ ያርፋሉ።

«ምነው እማማ?»

«መብራትህ ቀድሞኝ ገባ፣ ልጄ።»

አፈረ። በማግስቱ ካፓሲተሯን በትልቅ ለወጣት፤ ባልዲው ሲሰፋ ለመሙላትም ጊዜ ይፈልጋልና። በየፎቁም ቁልፍ ገጠመ። አማቱ ግን ሁለተኛው ፎቅ ላይ ከምትኖረው ልብስ ሰፊ ጋር ወሬ ይዘው፣ መብራቱ ሳይጠፋ ልጨምርበት ብለው ቁልፉን ቢጫኑ አልሰማቸውም። ጊዜው ሲደርስ ድርግም አለ።

«አንዴ ከጀመረ እስኪጨርስ ሌላ ጥሪ አይቀበልም፤ ጠባዩ ነው» ብሎ ተከራከረ ነገ።

«እናቴን ጨለማ ውስጥ አስቀምጠህ ስለ ጠባዩ ታወራልኛለህ?» አለች ሚስቱ።

ክርክሩ በዚሁ አበቃ። ቁልፉ በተነካ ቁጥር ባልዲው ተደፍቶ እንደ አዲስ መሙላት እንዲጀምር አድርጎ አሻሻለው።

ጥቂት ቀን ሰላም ሆነ። ከዚያ አንድ አመሻሽ ላይ የሕንፃው ተጠሪ በሩን አንኳኳ። «መብራቱ አልጠፋ አለ። ተበላሽቷል መሰለኝ።»

ነገ መፍቻውን ይዞ ወረደ። ሁለተኛው ፎቅ ሳይደርስ የአማቱን ድምፅ ሰማና ቆመ። ከልብስ ሰፊዋ ጋር ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። አማቱ ወሬያቸውን ሳያቋርጡ እጃቸውን ወደ ኋላ ይሰዱና ቁልፉን ጫን ያደርጋሉ።

«አማቼ ነው የሠራው» ይላሉ። «ጭንቅላት አለው። ፊት ለፊት አልነግረውም እንጂ። ይኮራብኛል።»

ነገ ኮቴውን አጥፍቶ ወደ ላይ ተመለሰ።

«ምን ሆኖ ነው?» አለ በሩ ላይ ሲጠብቅ የቆየው ተጠሪ።

«ምንም አልሆነ» አለ ነገ፣ ፈገግታውን መደበቅ እያቃተው። «በደንብ እየሠራ ነው።»