ዓይንዎን ጨፈን ከፈት ያድርጉ

ካዛንቺስ ያለው የአካል ጉዳተኞች ድጋፍ መስጫ ቢሮ ወረቀት ትቶ ወደ ሲስተም የገባ ሰሞን፣ የሚናገር ኮምፒውተር ልጠይቅ ሄድኩ። መስቀል ፍላወር አካባቢ ያለ አንድ ሆቴል ስልክ ተቀባይ አድርጎ ሊቀጥረኝ ተስማምቶ ነበር። የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ሰኞ ሥራ ስገባ ስክሪኑን ጮክ ብሎ የሚያነብልኝ ኮምፒውተር ይዤ መገኘት አለብኝ። ቢሮው እንዲህ ያለውን በውሰት ይሰጣል።

መስኮቱ ላይ የነበረችው ሠራተኛ፣ ሰው ሲያስነጥስ ከአዳራሹ ማዶ "ይማርህ" የምትል ዓይነት ሴት ነበረች። ስሜንና አድራሻዬን መዝግባ ታብሌቱን ፊቴ ላይ ደቀነችው።

"ዓይንዎን ጨፈን ከፈት ያድርጉ" አለ ታብሌቱ።

ፎቶ ሳልሆን በሕይወት ያለሁ ሰው መሆኔን ሊያረጋግጥ ነው። ዓይኖቼ በሕፃንነቴ በበሽታ ጠፍተዋል፤ ቆቦቻቸውም ገጥመው ቀርተዋል። ታብሌቱ ግን ትእዛዙን ደጋገመው።

"በቃ ተይው፣ እኔ ልጨፍንልሽ" አለችና ወደ ራሷ አዞረችው። ወዲያው ተቀበላት። ተሳሳቅን፤ እኔም መርቄያት ወጣሁ።

ዐርብ ኮምፒውተሩን ልረከብ ስመለስ ሴትየዋ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ተዛውራለች። በቦታዋ የተተካው ሰውዬ ታብሌቱን ደቀነልኝ።

"ይቅርታ፣ ይሄ ፋይል የሌላ ሰው ነው" አለኝ። "ፎቶው ላይ ያለችው ሴት እርስዎ አይደሉም።"

የሆነውን ስነግረው እፎይ አለ። "ታዲያ ምን ያስጨንቃል? አዲስ ፋይል በእኔ ፊት እከፍትልዎታለሁ።"

"ጉድ ፈላ!" አሉ ከኋላዬ ዊልቸር ላይ የተቀመጡ አዛውንት። "ልጄ፣ ፂም ሊያበቅሉልሽ ነው!"

አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ውስጤ ግን ተቃጠለ። እኔ የዚህን ከተማ ሰው ደግነት አውቀዋለሁ። መስቀል አደባባይ ላይ መንገድ ላቋርጥ ስቆም፣ ሳልጠይቅ ሦስት ሰው እጄን ይይዘኛል። ግን ሁሌም የሚይዘኝ ሰው ስላለ፣ መንገዱን ማስተካከል ለማንም ትዝ አይለውም። እዚህም ያው ነው የገጠመኝ።

በእሱም ፊት አይከፈትልኝም ስለው፣ ሰውዬው መጥታ እንድትጨፍንልኝ ለሴትየዋ ደወለላት። ታክሲ ይዛ መጣች፤ እንዴት እንደፈጠነች ገረመኝ።

"መጣሁ፣ መጣሁ! የታለ ታብሌቱ?"

"አትጨፍኚ" አልኳት።

"ምን ነካሽ? ሰኞ ሥራ ትገቢያለሽ እኮ!"

"ኮምፒውተሩ ሲበላሽስ? ውሰቱ ሲታደስስ? ዕድሜ ልኬን ፊትሽን ልዋስ ነው?"

"ተይ ልጄ" አሉ አዛውንቱ። "ዛሬ ዕቃሽን ውሰጂ፤ ነገ ትሟገቻለሽ።"

"ጋሼ፣ ዛሬ ከወሰድኩ ነገ አልመለስም። ራሴን አውቃለሁ።"

ፈርቼ ነበር፤ አልዋሽም። ሆቴሉ ሌላ ሰው ለመቅጠር ቀላል ምክንያት ነው የሚፈልገው። ቢሆንም ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ሲስተሙን የሚያውቀው ሰው ካልመጣ አልነሳም አልኩ።

ባለሙያው ከላይ ወረደ። በድምፁ ወጣት ነው።

"ማለቴ፣ ሲስተሙ በቃ ሲሠራም እንደዚህ ነው የተሠራው።"

"ለማን ነው የተሠራው?"

"ለአካል ጉዳተኞ..." ብሎ አቆመ።

ጥቁር መነጽሬን አውልቄ ፊቴን ወደ ድምፁ አዞርኩ። "በል እንግዲህ፣ እንዴት አድርጌ ልጨፍን?"

ታብሌቱን ሲነካካ ሰማሁ። ከዚያ በጣት አሻራ መግባት እንደሚቻል፣ ግን ማንም ስላልጠየቀ ተዘግቶ እንደቀረ ነገረኝ። ለማስከፈት የኃላፊ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሊያስፈቅድ ወጣ። የምሳ ሰዓት አለፈ። አዛውንቱ ጉዳያቸውን ጨርሰው ነበር፤ "መጨረሻውን ሳላይ ንቅንቅ አልልም" ብለው ቦምቦሊኗቸውን ገምሰው ሰጡኝ።

ከሰዓት በኋላ ፈቃዱ ተገኘ፤ የሴትየዋ ፊት ያለበት ፋይል ተሰረዘ፣ የእኔ በአውራ ጣቴ ተከፈተ። ታብሌቱ ስሜን ጠርቶ "እንኳን ደህና መጡ" አለኝ። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ኮምፒውተሩን ከነቦርሳው ትከሻዬ ላይ አንጠልጥዬ ወደ በሩ ሄድኩ።

ሴትየዋ እጅጌዬን ያዝ አደረገችኝ።

"እህቴ፣ አንቺ ብቻ አይደለሽም" አለች በሹክሹክታ።

"ምኑ?"

"የጨፈንኩላቸው። እንዳንቺ መጨፈን ያቃተው ሁሉ ፋይሉ በእኔ ፊት ነው። በደወሉልኝ ቁጥር ታክሲ ይዤ እመጣለሁ። አንድ ቀን ብታመምስ? እነሱ ምን ይውጣቸዋል?" ድምፅዋ ተቆራረጠ።

ለምን እንደዚያ ፈጥና እንደመጣች አሁን ገባኝ። ቦርሳውን ከትከሻዬ አወረድኩና ወንበሩን በእጄ ፈልጌ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

"ስልካቸው አለሽ?"

"የሁሉም አለኝ።"

"ደውዪና ስጪኝ። ሰኞ የምጀምረው ሥራ ስልክ ማናገር ነው፤ ዛሬ ልለማመድ።"

መጀመሪያ ስልኩን ያነሱት አንዲት አሮጊት ነበሩ። በሴትየዋ ስልክ ስለተደወለላቸው አፌን እስክከፍት አልጠበቁም።

"ልጄ፣ እኔ ልደውልልሽ ስል! ረቡዕ ፊትሽን ታመጪልኛለሽ?"

"አይ እናቴ" አልኳቸው። "ከእንግዲህ የራስዎን አውራ ጣት ይዘው ይምጡ።"