ውሃውን የሚያበጥረው ማነው?

ከባለቤቴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሰሊጥ ማበጠር ነበር። እሱ ከጆንያው ይቀዳል፣ እኔ አበጥራለሁ። ከቀብሩ በኋላ ሰፌዱን ሳነሣ ሰሊጡ ሿ አለና ልጅነቴን አመጣብኝ።

አባቴ ከመተማ ሰሊጥ ጭኖ ቀይ ባሕር ዳር፣ ፖርት ሱዳን የሚያደርስ ሾፌር ነበር። እናቴ በሞተች ዓመት እኔንም ጋቢና አስቀምጦ ወሰደኝ። ፀሐይዋ እንደኛው ቆላ ታቃጥላለች፤ ነፋሱ ግን ጨው ጨው ይላል። ነጫጭ ጀልባዎች አሳየኝ፣ ዳር ላይ የተጠበሰ ዓሣ አበላኝ። ልጆች ጣውላ ላይ ተኝተው ማዕበሉን ይጋልባሉ። ውሃው ሄዶ ሲመለስ፣ አረፋው ዳር ሲቀር አየሁና፣

«አባ፣ ውሃውን የሚያበጥረው ማነው?» አልሁት።

ከት ብሎ ሳቀ። «እናትሽ ናታ! ገለባውን ወደኛ እየጣለች።»

ከዚያ ፊቱን ወደ ባሕሩ መለሰ። «እንዲህ ያለውን ብቻ ሆነው ሲያዩት አያምርም» አለ።

«እኔስ አለሁ አይደል!» ብዬ አኮረፍሁ።

«አለሽ እንጂ፣ የኔ እናት።»

ትናንት ልጄ አቅፋኝ፣ «እማ፣ እኔስ አለሁ አይደል» ስትለኝ አባቴ «ብቻ ሆነው» ያለው ገባኝ። «አለሽ እንጂ» አልኋት።

አሁን ሰሊጡን እኔው እቀዳለሁ፣ እኔው አበጥራለሁ።