ኖራው ላይ የተከልነው ዳስ

ነጋዴ ነኝና ከወጪው ልጀምር፤ ያ ነጭ መስመር ያስከፈለን አንድ ዳስ፣ አንድ እንስራና የአባቴን እንቅልፍ ነው።

ልጅ ነበርኩ። በረሃቡ ጊዜ በመተማ ወደ ሱዳን ተሻግረን ገዳሪፍ ዳርቻ ላይ የማሽላ አገዳ አቁመን ተጠለልን። ያ ዘመን ሲታወሰኝ መጀመሪያ የሚመጣብኝ የእርጥብ ጆንያና የጥቁር አፈር ሽታ ነው። አንድ ጠዋት ካርታ የታቀፉ ሰዎች መጡ፤ ሜዳውን ለሁለት ከፍለው ኖራ አፈሰሱበትና ምንም ሳይነግሩን ሄዱ። እኛ ባለፍንበት መጠለያ ሁሉ ኖራ ማለት የእርዳታ እህል ሰልፍ ነበር፤ መስመሩ ላይ የተገኘ ይበላል፣ የራቀ ጦሙን ያድራል። ስለዚህ አባቴ ደህና ቦታ የቆመውን ዳሳችንን ነቅሎ ኖራው ላይ ተከለው። ሰፈሩም ሁሉ ተከተለ። ያን ግፊያ ዛሬ በገበያ ቀን እንኳ አላይም።

«አያ መኮንን፣ እግርህን ከፊቴ አንሳ!» አለ አባቴ ጎረቤታችንን።

«ምነው፣ ለእግሬ ለብቻው ይሰፈርለታል እንዴ?»

ብዙም አልቆየም፣ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ቢጫ ዶዘር አቧራውን እየነዳ በመስመራችን ልክ መጣ። አባቴ ጆንያ ሊሸከም ገበያ ወጥቷል፣ እናቴ ጀሪካን ይዛ ውሃ ወርዳለች። ዳሱ ውስጥ ታናሽ እህቴ ዘነቡ ወባ ጥሏት ተኝታለች። ልጎትታት ብል አቅም የለኝም። አገዳው እየተሰባበረ ሲመጣ ይሰማኛል። አያ መኮንን ግድግዳውን በርግዶ ገባ፤ እሷን በክንዱ፣ እኔን በአንገቴ ይዞ ወጣ። ዳሱ እንስራችንን ይዞ ከኋላችን ተኛ።

ሾፌሩ ዘሎ ወርዶ ራሱን ይዞ «ሻሪዕ! ሻሪዕ!» ይላል፤ መንገድ ነው ማለቱ ነው። ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

«ታዲያ ቀድማችሁ አትናገሩም? እኛ እራት መስሎን!» አለው አያ መኮንን እያለከለከ።

አባቴ ከዚያ ወዲህ ሞተር በሰማ ቁጥር ብድግ እያለ ነው ያነጋው።

ዛሬ በዚያው አስፋልት ዳር ሱቅ አለኝ። ከተማዋ መስመሩን አልፋ የማሽላውን እርሻ እየበላች ሄዳለች። ካርታ የያዙት ሰዎች ወዴት እንደምታድግ አልሳቱም፤ የሳቱት እኛ እዚያ መተኛታችንን ነው። ልጆቼ አዲስ ኖራ ሲያዩ የኳስ ሜዳ ሊሠራ ነው ብለው ይፈነጥዛሉ። እኔ ግን መስመሩ ላይ የተኛ ሰው ይኖር እንደሆነ ሄጄ አያለሁ።

ሒሳቡ ሲዘጋ፦ ዳሱ ሄደ፣ እንስራው ተሰበረ፣ ዘነቡ ተረፈች።