ባዚል የቀረበት ጉዞ

ሮላንድ አሽዎርዝ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚኖረው ለአንዲት ሳምንት ነው፤ መስከረም ላይ ከጓደኞቹ ጋር ፈረንሳይ፣ ዶርዶኝ ወርዶ ጎልፍ ለሚጫወትባት። ዝግጅቱን ማንም አይነካበትም። ገና ክረምቱ ሳይወጣ የጎልፍ ክለባችን ባር ላይ ካርታ ዘርግቶ፣ እኔ ቢራ ስቀዳለት፣ «ሞይራ፣ ወንዙ እዚህ ጋ ይጠመዘዛል፤ ሜዳው ከገደሉ ሥር ነው። ማታ ደግሞ ዳክዬ ጥብስ!» እያለ ያስጎመጀኛል።

ዘንድሮ ግን ከተጓዥ ጓደኞቹ አንዱ፣ ትሬቨር፣ ጣልቃ ገባ። ትሬቨር ሲያወራ አገጩን ሽቅብ ሰቅሎ ነው፣ ምእመን የሚባርክ ይመስል፦ «ስማኝ ሮላንድ፣ ባዚል ከታመመ ወዲህ ኤሊ ሆኗል። የጠፋች ኳስ ሲፈልግ ልጁ የጠፋበት ነው የሚመስለው! ከኋላ የሚጠብቁን ፈረንሳዮች አንድ ቀን ይበሉናል። የሚስቴን ወንድም እንውሰድ።»

«ባዚልን ምን ልበለው?»

«ጉዞ የለም በለዋ!»

አለው። ሮላንድ የገዛ ሚዜውን ዋሸው! ባዚልም ሮላንድ ገንዘብ የቸገረው መስሎት «አይዞህ» ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ከዚያ ወዲያ ባዚል በበሩ ብቅ ሲል ሮላንድ ካርታውን ከትሪ ሥር ይሸጉጣል፤ ፊቱ ግን እንደ ቲማቲም ይቀላል።

አንድ ቀን ባዚል እየሳቀ መጣ። «ስትለፋልን ኖርክ፤ ዘንድሮ እኔ አዘጋጀሁልህ። ሳውዝፖርት፣ እዚሁ አገራችን ባሕሩ ዳር፣ ሁለታችን ብቻ፤ ያችኑ ሳምንት!»

ሮላንድን ቢራው ትን አለው።

በማግስቱ ሁለቱ ሲጫወቱ የሆነውን ሮላንድ ራሱ ነው የነገረኝ። ባዚል ሊመታ ጎንበስ ብሎ ቆመና ቀና አለ።

«ኳሷ ነካ ስላደረግኳት ተነቃነቀች። አንድ የቅጣት ምት ጨምርብኝ።»

«እኔ አላየሁም።»

«እኔ አይቻለሁ።»

ጨዋታውን በዚያች ምት ተሸነፈ። የኛ ጎልፍ እንዲህ ነው፤ ዳኛ የለም፣ ሰው በራሱ ላይ ይመሰክራል። ሮላንድ ከዚህ በላይ መዋሸት አቃተው።

«ባዚል፣ ዋሽቼሃለሁ። ዶርዶኝ እንሄዳለን። አንተን ነው የተውንህ።»

«በኔ ቦታ ማን ገባ?»

«የትሬቨር ሚስት ወንድም።»

«ያ ለፍላፊ?»

«እሱ።»

ባዚል ኳሷን ከቀዳዳው አውጥቶ በመሀረብ ጠረገ። «ምናለ ቀርፋፋ ነህ ብትለኝ? ቀርፋፋ መሆኔንማ አውቃለሁ። ውሸታም መሆንህን ነው ያላወቅኩት።»

ሮላንድ ያን ምሽት ፈረንሳይን ተወ። ትሬቨር አገጩን ሰቅሎ «አብደሃል እንዴ!» ቢለው ዞርም አላለለት፤ ቀጥ ብሎ ባዚል ቤት ሄደ። ባዚል በሩን ገርበብ አድርጎ፣ በጣም በትሕትና፣ «የሳውዝፖርቱን ጉዞ ለእህቴ ሰጠኋት። ይቅርታ፣ ሻዬ ይቀዘቅዝብኛል» አለና ቀስ ብሎ ዘጋው።

ያቺ ሳምንት ስትደርስ በሮላንድ ቤት በኩል አለፍኩ። አምና የተቀባውን አጥር እንደገና ይቀባል።

«ምነው ሮላንድ፣ ንጹህ አይደል እንዴ?»

«አይደለም፣ ሞይራ» አለኝ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ።