ያልለሰለሰ ባቄላ

ሥራ ራሱ ይመሰክራል የሚሉ ሰዎች፣ አብዛኛውን ጊዜ በሌላ ሰው ሥራ የሚኖሩ ናቸው። በእንጨት ሥራ ፋብሪካው ምግብ ቤት ይህ አባባል ከአፉ የማይለየው፣ ሠራተኞቹ «ሼፉ» የሚሉት ሰው ነበር። ነጭ ቆብ ነበረው። ማማሰያ ሲያነሳ ጦር የሰበቀ ይመስላል፤ የሚያማስለው ግን ሌላ ሰው አብስሎ የጨረሰውን ነው።

ዝናቡ አባርቶ አዲሱ እህል እስኪደርስ ያሉት ሳምንታት የወጥ ቤት ፈተና ናቸው። በመጋዘን የሚቀረው ደርቆ ድንጋይ የሆነ የዓምና ባቄላና ገብስ ነው። ይህ እህል የሚበላው ማታ ተነክሮ ሲያድር፣ በዝግተኛ እሳት ሲቀቀል፣ ጨውና ቲማቲሙም ባቄላው ከለሰለሰ በኋላ ሲገባበት ነው። ቀድመው ከገቡ እስከ ምጽዓት ቢንተከተክ አይበስልም። ይህን የምታውቀው የሼፉ ሚስት ነበረች። ማታ በቤቷ ነክራ፣ ጎህ ሳይቀድ በጓሮ በር ገብታ ትቀቅላለች፤ ሠራተኛው ሳይመጣ ትወጣለች። አናጺዎቹ ብርዱን በዚያ ሾርባ አስታግሰው «እጅህ ይባረክ!» ሲሉት፣ በሰው ወርቅ የደመቀው ሼፍ ያለ አንዳች ኀፍረት «አሜን» ይላል።

ሥራ አስኪያጁ ረዳት በደመወዝ ሊቀጥር መሆኑ ተሰማ። ሚስቱ በዚያ ምሽት ባቄላ እየነከረች፣

«ነገ ስሜን ጥራልኝ» አለችው።

«ምን ብዬ? ባቄላ ውሃ ውስጥ ትጥላለች ልበል?»

«እውነቱን በል፤ እሱ ይበቃኛል።»

«እሺ እሺ፣ አታድርቂኝ!»

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ወጥ ቤት ድረስ መጣ። እሷ ከጓሮው በር ጀርባ ቆማ ትሰማለች።

«ረዳት ማንን ልቅጠርልዎ?»

«ረዳት ለማን ነው ጌታዬ? እኔ ብቻዬን ምን ያንሰኛል? ሥራ ራሱ ይመሰክራል።»

ሽርጧን ፈታች፤ በበሩ እጀታ ላይ ሰቅላው ሄደች። ከዚያ በኋላ ወደ ወጥ ቤቱ አልተመለሰችም።

በሚቀጥለው ቀን ሼፉ ደረቁን ባቄላ ከጨውና ከቲማቲም ጋር አንድ ላይ ድስት ውስጥ ገልብጦ እሳቱን አነደደው። በምሳ ሰዓት አንድ ሽማግሌ አናጺ ባቄላውን ከአፉ አውጥቶ ጠረጴዛውን ቆረቆረበት።

«ሼፉ፣ ምስማር ቸግሮን ሲከርም ምነው ዝም አልከን?»

«እህሉ አርጅቶ ነው!»

«ትናንት ጎረምሳ ነበር እንዴ?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሥራ አስኪያጁም አስጠርቶ ምን እንደተለወጠ ጠየቀው። እውነቱን ቢናገር እሱም ሥራው ይተርፍለት፣ እሷም ትቀጠር ነበር። እሱ ግን «ነጋዴው ነው ያታለለን» አለ። ሰበቡም ባቄላውም ሰንብተው አልለሰለሱም፤ ወጥ ቤቱ ተዘጋ፣ ምግቡም ከውጭ በኮንትራት ይመጣ ጀመር።

ሚስትየዋስ ምነው ራሷ ገብታ አልተናገረችም የሚል አይጠፋም። ሰው ለገዛ ሥራው እንዲመሰክር የሚገደደው፣ ሊመሰክርለት የሚገባው ሰው አፉን ሲዘጋ ነው። ባቄላውማ መስክሯል፤ ማን እንዳበሰለው ግን ባቄላ አይናገርም።

ሼፉ ዛሬም ጎረቤት ሲጠይቀው «እነዚያ ሰዎች ሙያ አያውቁም» ይላል። ይህን የሚለው እቤቱ እሷ ያበሰለችውን እየበላ ነው።

ይገባት የነበረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ያበሰለችው እሷ ናት።»