ሽምብራ ስጠብቅ

ሌላው ሰው ሲጨንቀው ይጸልያል ወይም ያለቅሳል፤ እኔ ሲጨንቀኝ እጣላለሁ። በዚያ ሰሞን ከቴሌቪዥኑ ጋር ተጣልቻለሁ፣ ከታክሲ ረዳት ጋር ተጣልቻለሁ፣ ሳሪስ ገበያ ጨርቅ ከምሸጥበት ሱቅ በር ላይ ቆሞ ጦርነቱን እንደ ኳስ ጨዋታ ከሚተነትን ጎልማሳ ጋርም ተጣልቼ በገላጋይ ነው የተላቀቅነው። የሁሉም ምክንያት አንድ ነበር። ባለቤቴ ተሳቢ ያለው ከባድ መኪናውን ይዞ፣ ዘይት ጭኖ ኮምቦልቻ እንደገባ መንገዱ ተዘጋ። ስልኩም አብሮ ተዘጋ። ነገ አራግፌ እመለሳለሁ ብሎኝ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ድምፁን አልሰማሁም።

ሁለታችንም የወሎ ልጆች ነን። ቴሌቪዥኑ የሚጠራቸው ከተሞች ለሌላው ሰው ዜና ይሆናሉ፤ ለእኔ ግን አንዱ አክስቴ የተዳረችበት፣ ሌላው ባለቤቴ ጎማ ፈንድቶበት ያደረበት ነው። ስማቸው በተነሳ ቁጥር ድምፁን እጨምራለሁ። ልጃችን አዳማ ስለተዳረች ኮዬ ፈጬ ያለው አራተኛ ፎቅ ቤታችን ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። የደረጃው ሰላምታ ራሱ ተለውጦ ነበር። ድሮ ቆመን ስለ ውሃ መጥፋት የምናማርር ጎረቤታሞች፣ ማን ከየት እንደሆነ በልባችን እያሰላን፣ አንገታችንን ደፍተን መተላለፍ ጀመርን። ሰላምታዋ ያልተለወጠው ምድር ቤት ያለችው ጎረቤቴ ብቻ ነበረች።

ከሱቅ ስመለስ ቃሊቲ ወርጄ ከባድ መኪናዎች የሚቆሙበት ሜዳ እሄዳለሁ። ሹፌሮች ወሬ ይቀባበላሉ፤ ኔትወርክ በሌለበት ጊዜ የሹፌር ሚስት ተስፋዋ ያ ሜዳ ነው። አንዱ አይቼዋለሁ፣ ምሳ አብረን በላን አለኝ፤ መቼ ብዬ ሳጣራ ከመንገዱ መዘጋት በፊት ሆኖ ተገኘ። ሌላው የባለቤቴን ስም ስነግረው ወደ ጎማው ዞረና ብሎን ማጥበቅ ጀመረ። ብሎኑ ግን ጠብቆ ነበር። ሲያጠብቅ ቆሜ አየሁት፣ ከዚያ ምንም ሳልጠይቀው ሄድኩ።

ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ የደም ግፊቴን ለክታ ፊቷን አኮማተረችና ዜና ማየት ተዪ አለችኝ። መድኃኒቱን ብቻ ስጪኝ ብዬ እሷንም ልጣላት ምንም አልቀረኝም። በማግስቱ ግን ሱብሂ ሰግጄ ስነሳ እጄ ሳላስበው ወደ ስልኩ ሲሄድ አየሁትና ራሴን ፈራሁት። ስልኩን ይዤ ወረድኩ። ጎረቤቴን ከነሌሊት ልብሷ አስወጥቼ፣ እሱ ከደወለ ብቻ አንሺ፣ ሌላው ሲጮህ ይዋል ብዬ ሰጠኋት። ወዴት ነሽ ስትለኝ አላውቅም አልኳት፤ እውነቴን ነበር።

በእኛ ሰፈር ሕንጻው የሚያልቀው ድንገት ነው። አስፋልቱ ይቆማል፣ የአሸዋና የጠጠር ክምር አለ፣ ከዚያ ጥቁር አፈር ይጀምራል። ስንት ዓመት ከመስኮቴ አይቼዋለሁ፤ እግሬ ግን ረግጦት አያውቅም። ጤፉ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል፣ ከጎኑ የሽምብራ ማሳ አለ። ከድንበሩ ላይ ተቀመጥኩና ቅጠሉን ነካሁት። ጤዛው ጣቴ ላይ ተጣበቀ፤ ቀመስ ሳደርገው ኮመጠጠኝ። አፌ በምራቅ ተሞላ። ስንት ቀን እህል ጣዕም አጥቶብኝ ሰንብቶ፣ የሽምብራ ጤዛ አፌን ከፈተው።

የማሳው ባለቤት ሽማግሌ ናቸው። አብዛኛው መሬታቸው የእኛ ሕንጻ የቆመበት ነው፤ የቀረቻቸው ይህች ቁራጭ ናት። በትራቸውን ይዘው መጡና እሸት ልትነቅይ ነው አሉኝ። አባቴ፣ እኔ ለእሸት ቀርቶ ለምሳም ሆድ የለኝም አልኳቸው። ትንሽ ተመለከቱኝ። ከዚያ እንዲያው ከተቀመጥሽ ጠብቂልኝ አሉ፤ ወደ ግንባታው የሚያልፈው ሁሉ እፍኝ እፍኝ እየነቀለ ጨርሶባቸዋል፣ ላሞቹም አላስቀምጥ ብለዋቸዋል። ደመወዙ ስንት ነው ብላቸው፣ መቀመጫው አሉኝ።

እንዲህ ሆኜ የሽምብራ ጠባቂ ሆንኩ። በየማለዳው ስልኬን ምድር ቤት አስረክቤ እሄዳለሁ፣ ፀሐይ ከረር ስትል ተመልሼ ሱቄን እከፍታለሁ። ጸባዬ በመጨረሻ ሥራ አገኘ፤ ያን ሰሞን የእኔን አፍ አልፎ ሽምብራ የነቀለ የለም። ላም ሳባርር፣ ከላሞቹ እግር ስር የማይጠፉት ነጫጭ ወፎች ብድግ ብለው፣ ትንሽ ዞረው፣ እዚያው ያርፋሉ። ሰው ባይኖር ደግሞ ዝም ብሎ መቀመጥ አለ። ከአቃቂ በኩል ነፋስ ይመጣል፣ ጤፉ ያረግዳል፣ የአፈሩ ስንጥቅ ውስጥ ጉንዳን ይገባል ይወጣል። አንድ ቀን ትንፋሼ እስከ ሆዴ ድረስ ወርዶ ሲመለስ ተሰማኝ። ባሌ ያለበት ሳይታወቅ ምን ደልቶሽ ነው ብዬ ራሴን ተቆጣሁ፤ ግን በማግስቱም ሄድኩ። እዚያ ባልሄድ ኖሮ ወይ ልቤ ወይ ጎረቤቶቼ ያልቁ ነበር።

ኅዳር ሚካኤል ዕለት ሄጄ ተቀመጥኩ። ቀኑን ልብ አላልኩትም፤ በየሕንጻው ሥር ቆሻሻ ሲቃጠል ጭሱን አይቼ ኅዳር እየታጠነ ነው እንኳ አላልኩም። ጭሱ ማሳው ላይ ዝቅ ብሎ ተኝቷል። ከጭሱ ውስጥ ሰዎች ወጡ።

ፊት ፊት የእድራችን ዳኛ ናቸው፤ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ፣ ረጋ ያሉ ሰው። ጋቢያቸውን ደርበዋል። ከኋላቸው ጎረቤቴና ሁለት የሕንጻችን ሴቶች፣ ሁሉም ነጭ በነጭ ለብሰዋል። አይጣደፉም። አይነጋገሩም። አንዷ የውሃ ጠርሙስ ይዛለች።

መርዶ እንዴት እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ እኔም ለሰው ሄጄ አውቃለሁ። በማለዳ ነው፣ ሰውየው አፉን በእህል ሳይሽር። ለብቻ አይኬድም። ታላቅ ሰው ይቀድማል፣ ሴቶች ይከተላሉ፣ የሚወድቅ ካለ ውሃ ይያዛል። እነዚህ አንድም ያጎደሉት ነገር የለም።

ተነሳሁና ጀርባዬን ሰጥቻቸው ወደ ማሳው መሃል ገባሁ። ሐሳቤ አንድ ብቻ ነበር። እስካልነገሩኝ ድረስ እሱ አለ። ጎረቤቴ ስሜን ስትጠራ ጆሮዬን በሻርፔና በእጄ ደፍኜ እርምጃዬን ጨመርኩ። ሽምብራው እግሬ ሥር ይንኮሻኮሻል። ከዚያ አፈሩ ላይ ቁጭ አልኩ፣ ድምፄም ወጣ። አባቴ ሲሞት እንኳ እንደዚያ አልጮህኩም። ያልነገርኩትን ሁሉ እየጠራሁ አለቀስኩ። መኪናህ ሲመጣ ከድምፁ እለየው ነበር አልኩ፣ ደረጃ ላይ ስትስል ሻይ እጥድ ነበር አልኩ፣ አሁን ለማን ነው የምጥደው አልኩ። ከዳር ሆነው ሽማግሌው ስለ ሽምብራቸው ይጮሃሉ።

ጎረቤቴ ጫማዋ የአፈሩ ስንጥቅ ውስጥ ቀርቶ በባዶ እግሯ ደረሰችብኝ። ለመናገር ትንፋሽ አልነበራትም። እጄን ከጆሮዬ ላይ አላቃ ስልኬን ለጠፈችበት።

«አብሽሪ» አለ ድምፁ፤ የወሎ ሰው ማጽናኛ። «አብሽሪ፣ እኔ ነኝ። ማን ሞተብን?»

«አንተ» አልኩት።

መስመሩ ላይ የሚሰማኝ የእሱ ትንፋሽና የራሴ ልቅሶ ነበር፤ ቶሎ አልቆም ብሎኝ። ከዚያ አልሞትኩም፣ ደብረ ብርሃን ነኝ አለኝ። አልሀምዱሊላህ ስል ሴቶቹ እልል አሉ፣ አንዷ ውሃውን ፊቴ ላይ ደፋችው።

ነገሩ ኋላ ተብራራ። ስልኩን ሰጥቻት እንደወጣሁ ደውሎ ነው፤ ጎረቤቴ ለንግሥ ልትወጣ ለባብሳ ነበር። ወዲያው ወደ እኔ እንዳትሮጥ የደም ግፊቴ ትዝ አላት። ድንገተኛ ደስታ ብቻዋን ሆና ቢደርስባት ትወድቃለች ብላ የእድር ዳኛውን ቀሰቀሰች፤ እሳቸውም ነገሩ በወጉ ይነገራት፣ በሰው መሃል፣ ቀስ ተብሎ አሉ። እሱን ስልኩን እንዳትዘጋ ብለውት፣ ውሃ አስይዘው፣ ማንም ቀድሞ እንዳይናገር ተማምለው ተነሱ። ባሌን በእጃቸው ይዘው ነው እንግዲህ እንደዚያ ቀስ እያሉ ይመጡ የነበሩት። ለምሥራች እንዲህ ተሰልፎ ይመጣል ወይ ብዬ ስጮህባቸው ዳኛው ቅር አላቸው።

«እንዳትደነግጪ ብለን ነው» አሉ።

ሳቅኩ። አፈሩ ላይ ተቀምጬ፣ ፊቴ በውሃና በእንባ ርሶ፣ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። እሳቸውም መጀመሪያ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፣ ኋላ ግን አልቻሉም።

ባሌ ከቀናት በኋላ በሰው መኪና ተሳፍሮ ገባ። የራሱን መንገድ ላይ ትቶት በገጠር በእግሩ ነው የወጣው። ከስቷል፤ ብዙም አያወራም። ምን አየህ ሲሉት ደህና ነው ይላል። ሲነጋ እኔ ስወጣ ተከተለኝና ማሳው ዳር አብረን ተቀመጥን። ሽማግሌው መጥተው ከላይ እስከ ታች አዩት፣ ሽምብራዬን ያስረገጥከው አንተ ነህ አሉት፣ እጁን ጨብጠው ሄዱ። ወፎቹ ተነስተው አረፉ። እሱ ጉልበቱን አቅፎ አፈሩን ያያል።

ሳያየኝ ተናገረ። «መንገዱን ሁሉ ስሄድ፣ በሕይወት ልኑር አልኑር እርግጠኛ አልነበርኩም» አለ። «ስደውልም እንደዚያው ነበርኩ። አንቺ ስታለቅሺልኝ ስሰማ ነው መትረፌ የገባኝ።»

እጁን ያዝኩት፤ መዳፉ ሞቅ ያለ ነበር።