አባቴና የባሕር ሙላት

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ አሜሪካ ባለችው አሌክሳንድሪያ፣ ወንዙ ዳር ካለው መንገድ ላይ መኪናችንን አቁመን ምሳ በላን። ስንመለስ መኪናዋ ግማሽ ጎማዋ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆማለች። ዝናብ የለም፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል።

«ማሚ፣ ሲሪየስሊ? አልዘነበም እኮ!» አለች ልጄ ሶስና።

«ወንዙ ከባሕር ጋር የተያያዘ ነው። ባሕሩ ሲሞላ እሱም ይሞላል።»

«ኦኬ» ብላ ወደ ስልኳ ተመለሰች። የዚህ ዘመን ልጅ የሚደነግጠው ባትሪ ሲያልቅበት ብቻ ነው። እኔ ግን የጭቃው ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ። ያንን ሽታ አውቀዋለሁ።

ያኔ ሲልቨር ስፕሪንግ የሃይስኩል ተማሪ ነበርኩ፤ አሜሪካ ከመጣን ገና ብዙ አልቆየንም። የጂኦግራፊ አስተማሪያችን ረግረጉንና የባሕሩን ዳርቻ ልታሳየን ወደ ደላዌር ልትወስደን አሰበች፤ አብሮን የሚሄድ ወላጅም ፈለገች። ከሁሉም ቀድመው እሺ ያሉት አባቴ ናቸው። አባቴ ደብረ ማርቆስ ሃያ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረዋል፤ እዚህ ክሪስታል ሲቲ ፓርኪንግ ይሠሩ ነበር። መምህር ከተማሪ ጋር ሲወጣ ምን መልበስ እንዳለበት ደግሞ አልረሱም፤ ግራጫ ሱፍ፣ ክራቫትና የተወለወለ ጥቁር ጫማ። ወደ ረግረግ!

ጊዜው የሁዳዴ ጾም ስለነበር በፌስታል ቆሎ ይዘዋል። አውቶቡሱ ውስጥ ለእያንዳንዱ ተማሪ እየዞሩ አደሉ፤ ብቻን መብላት ነውር ነውና። ጥርሱን በሽቦ ያሳሰረ አንድ ልጅ ሽምብራ ተሰንቅሮበት መንገዱን ሙሉ ሲታገል ነበር። የባሕሩን ወሽመጥ የሚሻገረውን ትልቁን ድልድይ ስናቋርጥ አባቴ መስኮቱ ላይ ተለጠፉ። እስከዚያ ቀን ባሕር በዓይናቸው አይተው አያውቁም ነበር፤ በአውሮፕላን ስንመጣም ከደመና በቀር ያዩት የለም። የባሕርን ሙላትና ጉድለት ግን ለእኔም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ብርቱካን ምድር፣ ነጭ ሽንኩርት ጨረቃ ሆነው በምግብ ጠረጴዛችን ላይ። ጨረቃ ባሕሩን ትስበዋለች፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። የተሳሳተ ተማሪ ዜሮ ያገኛል።

ረግረጉ ላይ የእንጨት መተላለፊያ ተሠርቷል። አስተማሪዋ ማንም ከእንጨቱ እንዳይወርድ አስጠነቀቀች። ባሕሩ ሩቅ ሸሽቶ ነበር፤ በፊታችን የተዘረጋው ግራጫ ጭቃ ብቻ ነው። ድንገት ንፋስ የአንዲት ልጅ እጅ ላይ የነበረውን ካርታ ነጥቆ ጭቃው ላይ ጣለው። አባቴ ጭቃውን በባለሙያ ዓይን መረመሩት። የጎጃም ሰው ጭቃ አይፈራም። ክረምት ላይ ዋልካ፣ ያ ጥቁር የሚያጣብቅ አፈር፣ እንዴት እንደሚታለፍ ከልጅነቱ ያውቃል፤ ጫማ ይወልቃል፣ ሱሪ ይጠቀለላል፣ ከዚያ ሳይቆሙ መሄድ ነው።

«አባባ፣ አይወረድም ተብሏል» አልኳቸው።

«ለልጆች ነው የተባለው» ብለው ጫማቸውን አስያዙኝ።

ዋልካ ግን ከሥሩ ጠንካራ መሬት አለው። ይሄኛው የለውም። ካርታውን አንስተው ወደ እኛ ሲዞሩ እስከ ጉልበታቸው ሰመጡ። ተማሪው ሳቀ። እግራቸውን ሊነቅሉ ሲታገሉ እስከ ጭናቸው ገቡ። ሳቁ ቆመ። አስተማሪዋ ወደ ባሕሩ አየችና ፊቷ አመድ መሰለ። እኔ ባሕር የሚመጣው እየጮኸ ይመስለኝ ነበር። እንደ ድመት ነው የመጣው፤ በጭቃው ስንጥቆች ውስጥ፣ ያለ ኮቴ።

ሹፌሩ ሳንቃ ፍለጋ ሮጠ። አስተማሪዋ በጀርባቸው እንዲተኙ፣ እጃቸውን እንዲዘረጉ ትጮኻለች። አባቴ እንግሊዝኛውን ከእኔ በተሻለ ሰምተዋል።

«በዚህ ሱፍ?» አሉኝ በአማርኛ። «ተማሪ ፊት ጭቃ ላይ ልተኛ?»

ውሃው ወገባቸውን አለፈ። ካርታውን እንዳይረጥብ ከራሳቸው በላይ ይዘውታል።

«ተኛ!» ብዬ ጮህኩ። «ተኛ እልሃለሁ!»

እኛ ቤት አባቱን አንተ ያለ ሰው ተሰምቶ አያውቅም። እንደ ባዕድ አዩኝ። ከዚያ ክራቫታቸውን አስተካክለው ተኙ።

ሹፌሩ ሳንቃው ላይ በደረቱ እየተሳበ ደርሶ ብብታቸውን ይዞ ሲጎትታቸው ውሃው ጆሯቸው ጋ ነበር። እንጨቱ ላይ ሲያወጧቸው ከንፈራቸው ጠቁሯል። ተመስገን ይላሉ፣ ወይም ስለ ድፍረቴ ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ፈገግ ብለው ክንዴን ጨመቁት።

«ልጄ፣ ለካ እውነት ነው!»

«ምኑ?»

«ባሕሩ! ይመጣል እኮ! ሃያ ዓመት አስተማርኩት፤ አንድም ቀን አላመንኩትም።»

«ታዲያ ለምን አስተማሩት?»

«መጽሐፉ ላይ አለ። ፈተና ላይ ይመጣል።»

ሊሰምጡ ነው ብዬ የደነገጥኩት ድንጋጤ ልብሳቸውን ስንቀይርላቸው ለቀቀኝ። የዚህ መልሳቸው ድንጋጤ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ስንቱን ልጅ በዚያ ጥያቄ ዜሮ ሰጥተዋል! ከዚያ ወዲህ በየስብሰባው አንድ ምሁር እጁን እያወናጨፈ ሲያስረዳ፣ ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ሱሪው ነው፤ ይህ ሰው ረጥቦ ያውቃል? እኔም ስለ እምነት፣ ስለ ሞት፣ ስለ አገር ስንት ገጽ ጽፌያለሁ። ከዚያ ውስጥ ስንቱን እንደማምን የጠየቀኝ አንባቢ የለም፤ ባይጠይቀኝም ደስ ይለኛል።

ቅዳሜ ዕለት ውሃው ዳር እንደቆምኩ ወደ አባቴ ቤት፣ ስካይላይን ወደሚባለው ሕንፃ፣ ደወልኩ። አባቴ አሁን አርጅተው፣ ከፎቅ ላይ መኪና ሲቆጥሩ ይውላሉ።

«አባባ፣ አሌክሳንድሪያ ውሃው መንገድ ላይ ወጥቷል።»

«የት ድረስ?»

«ጎማ ድረስ።»

«ልጅቱ አየችው?»

«ነገርኳት። ስልኳን እያየች ነው።»

«መንገር ምን ያደርጋል?» ብለው ተቆጡኝ። «ጫማዋን አስወልቂያት!»

አስወለቅኳት። እያጉረመረመች፣ ስልኳ እጇ ላይ እንዳለ፣ አንድ እግሯን ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ አወረደች። ውሃው ከቁርጭምጭሚቷ በታች ነበር። ቆመን ስንጠብቅ ቀስ ብሎ ቁርጭምጭሚቷን ዋጠው። ሶስና ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይኗ የአባቴን መሰለ።

«ማሚ» አለች፣ «እየመጣ ነው!»